በቀቀኔ ለምን ይነክሰኛል? ስለ በቀቀን ጠባይና ንክሻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በቀቀን የሚያሳድግ ሰው ይዋል ይደር እንጂ መነከሱ አይቀርም። ቁስሉ ይድናል። የሚከፋው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ሰውየው እጁን መዘርጋት ይፈራል፣ ወፉም የሰው እጅ ሲያይ ይደነግጣል፣ ሁለቱም ይራራቃሉ። ብዙ በቀቀን ከቤት ቤት የሚንከራተተው ወይም ዕድሜ ልኩን ከሽቦ ቤቱ ሳይወጣ የሚቀረው በዚህ የተነሳ ነው። ንክሻ ግን መነሻ አለው። መነሻውን ያወቀ ሰው አብዛኛውን ንክሻ ከመምጣቱ በፊት ማስቀረት ይችላል።

ምንም ሳላደርገው ድንገት ይነክሰኛል። ለምንድን ነው?

ድንገት የሚመስለው ለእኛ ነው። በቀቀን በተፈጥሮው የሚታደን እንስሳ ነው። ዱር ውስጥ የሚያስፈራው ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው በርሮ ማምለጥ ነው። ከመንጋው አባል ጋር ሲጋጭ እንኳ አንገቱን ያሰግጋል፣ ላባውን ይነፋል፣ ምንቃሩን ከፍቶ ያስጠነቅቃል። ሌላው ወፍ ፈንጠር ሲልለት ነገሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ያበቃል።

ቤት ውስጥ ማምለጫው ይዘጋበታል። ክንፉ ተቆርጦ ይሆናል። ወይም የሽቦ ቤቱ ጥግ ላይ እያለ እጃችን በር ዘግቶ ይመጣበታል። "አትምጣብኝ" እያለ በሰውነቱ ሲናገር ደግሞ አላየንለትም። ያኔ የቀረው ምንቃሩ ብቻ ነው።

በብዛት የሚያስነክሰው ፍርሃት ነው። ቤቱን ወይም የሚወደውን ሰው መጠበቅ፣ የመራቢያ ሆርሞን፣ ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣትም አሉበት። በጨዋታ መሃል ከልክ በላይ ሞቆ የሚነክስም አለ። አንዳንዱ ደግሞ መንከስ እንደሚሠራለት ከእኛው ከባለቤቶቹ ተምሮ ነው። ተንኮልና ቂም ግን እዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ወፉን "ክፉ" ብሎ የደመደመ ሰው ምክንያቱን መፈለግ ያቆማል፤ ስለዚህ ይህን ስም ባትለጥፉበት ደስ ይለኛል።

ሊነክስ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ የሚመጡት ምልክቶች ትንንሽ ናቸው። እጃችሁን ስታስጠጉ ሰውነቱን ወደ ኋላ ያዘነብላል። ወይም አንድ እርምጃ ይሸሻል፣ ፊቱን ያዞራል። ላባው ሰውነቱ ላይ ልጥፍ ይልና ቀጭን ሆኖ ይታያል። ይበላ ከነበረ መብላቱን ያቆማል። ድርቅ ብሎ መቆም በተለይ የሚያሳስት ምልክት ነው። ብዙ ሰው "ፀጥ ብሏል፣ ፈቅዷል" ብሎ እጁን ይጨምራል፤ ወፉ ግን ከፍርሃት የተነሳ ነው የደረቀው።

ይህ ካልተሰማለት ድምፁን ከፍ ያደርጋል። የማጅራቱ ላባ ይቆማል። ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። ዝቅ ብሎ ምንቃሩን ይከፍታል፣ አንዳንዴም አየሩን ይነክሳል። አፍሪካዊው ግራጫ በቀቀን ሲፈራ ያጉረመርማል። ኮካቲየል የተባለው ትንሽ በቀቀን ደግሞ የአናቱን ጉትዬ ወደ ኋላ ለጥፎ ሲተነፍስ "ሽሽሽ" ይላል። እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰን ወፍ መንካት ንክሻን ጠርቶ ማምጣት ነው።

የዓይን ነገር ለብቻው መታየት አለበት። አማዞን፣ ማካውና ግራጫ በተባሉት የበቀቀን ዓይነቶች ላይ የዓይኑ ብሌን በፍጥነት ጠበብ ሰፋ፣ ጠበብ ሰፋ ሲል ይታያል። ይህ ስሜቱ መጋሉን ነው የሚናገረው። የሚወደውን ሰው አይቶ ተደስቶ ሊሆን ይችላል። አዲስ ድምፅ እየተለማመደም ሊሆን ይችላል። የብሌኑ መጥበብና መስፋት ከተዘረጋ ጅራትና ከቆመ ማጅራት ጋር ከመጣ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ኮካቱ የተባለው ባለ ጉትዬ በቀቀን ጉትዬውን ሲያቆምም እንደዚሁ ነው፤ ደስታም ድንጋጤም ሊሆን ስለሚችል ቀሪውን ሰውነቱን ማየት ያስፈልጋል። ዓይናቸው ጥቁር የሆኑ ወፎች ላይ የብሌኑን መለዋወጥ ማየት ያስቸግራል፤ እዚያ ላባውንና አቋቋሙን ተከተሉ።

የተረጋጋ ወፍስ? አንድ እግሩን አጥፎ በሌላው ይቆማል። ላባው ላላ ይላል። ሊተኛ ሲል ምንቃሩን ቀስ እያለ ያፋጫል፤ ድምፁን ብዙ ጀማሪ የሕመም ምልክት አድርጎ ይደነግጥበታል፤ የእርካታ ድምፅ ነው። አንገቱን ሰብሮ ላባውን አቁሞ ጭንቅላቱን ከሰጣችሁ እከኩኝ ማለቱ ነው።

ሳትነኩት ከሩቅ ሆናችሁ ለጥቂት ቀናት ብቻ ተመልከቱት። ሲበላ፣ በር ሲንኳኳ፣ እንግዳ ሲገባ፣ ሲመሽ ምን እንደሚያደርግ እዩ። ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም።

ጣቴን በምንቃሩ ይዞ ይጫናል፣ ግን አያደማኝም። ይህም መንከስ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። በቀቀን ምንቃሩን እንደ ሦስተኛ እግር ይጠቀምበታል። ከእግሩ ጣቶች ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ ናቸው፤ ለመንጠላጠል ተመቻችተዋል። ሲወጣም ሲወርድም ግን መጀመሪያ የሚልከው ምንቃሩን ነው። የላይኛው ምንቃሩም እንደ ታችኛው ይንቀሳቀሳል፤ ነገርን አጥብቆ መያዝ የሚችለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ "ውጣ" ብላችሁ እጅ ስትሰጡት ጣታችሁን በምንቃሩ ነካ አድርጎ ይሸከመኝ ይሆን ብሎ ይፈትሻል። እዚህ ላይ ሰው ይደነግጥና እጁን ይመነጭቃል። ወፉ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ ይህ እጅ አይታመንም። በሚቀጥለው ጊዜ አይወጣም፣ ወይም እንዳያመልጠው አጥብቆ ይይዛል። እጃችሁን እንደ እንጨት ጸንቶ እንዲቆም አድርጉለት።

ጫጩቶችና ወጣቶች ደግሞ ዓለምን የሚያውቁት በምንቃራቸው ነው። ጆሮ ጌጥ፣ አዝራር፣ ጥፍር፣ ሁሉም ይቀመሳል። ጫናው ሲበዛ ሳትጮኹ ጨዋታውን አቁሙና የሚያኝከው እንጨት ወይም ወረቀት ስጡት። ለምንቃር የሚሆን ሥራ ያጣ በቀቀን ጣት ላይ ይሠራል።

በነከሰኝ ቅጽበት ምን ላድርግ?

ከባድ ነው፣ ግን አትጩኹ። ጩኸት አንዳንዱን ወፍ የባሰ ያስፈራዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ ያዝናናዋል። እጃችሁን አትመንጭቁ፤ ቆዳው የሚቀደደው ያኔ ነው። ወፉን ቅርብ ወዳለ ጠረጴዛ ወይም መቆሚያ ዝቅ አድርጉትና ይውረድ። ከዚያ ትንፋሽ ውሰዱ፣ ዘወር በሉ።

ምንቃሩን በጣት መምታት፣ ፊቱ ላይ መንፋት፣ ውኃ መርጨት፣ ሚዛኑን እንዲያጣ እጅን ማወዛወዝ፣ ለቅጣት ጨለማ ውስጥ መዝጋት፣ እነዚህን ሁሉ ተዉአቸው። ምንቃር ውስጡ ነርቭ አለው፤ ያማል። ከሕመሙ የሚብሰው ትምህርቱ ነው። ሲያጉረመርም የተቀጣ ወፍ ማጉረምረሙን ይተዋል፣ ፍርሃቱ ግን አይለቀውም። ከዚያ በኋላ እውነትም ያለማስጠንቀቂያ የሚነክስ በቀቀን ይኖራችኋል።

ስትረጋጉ ወደ ኋላ ተመለሱ። ከንክሻው በፊት በነበሩት ጥቂት ሰከንዶች ምን ሆነ? ማን ገባ? እጄ ከየት መጣ? ምን ይዤ ነበር? ወፉ ምን እያደረገ ነበር? በማስታወሻ መጻፉ ይጠቅማል። ከጥቂት ንክሻዎች በኋላ አንድ ዓይነት ነገር ሲደጋገም ታያላችሁ።

ሲነክሰኝ ከራቅሁለት አሸነፈኝ ማለት አይደለም?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው በቅንነት ይጠይቃል። "እጅህን እንዳታነሳ፣ ንክሻውን ቻለው፣ አለዚያ ይንቅሃል" የሚል ምክር በሰፊው ይዞራል። ከልቤ የምቃወመው ምክር ነው።

ውስጡ ግማሽ እውነት አለ። በቀቀን ነክሶ የፈራው እጅ ከራቀለት፣ መንከስ ይሠራል ብሎ ይማራል። መፍትሔው ግን ንክሻ መቻል አይደለም። ቀድሞ መስማት ነው። ሰውነቱን ወደ ኋላ ሲያዘነብል ያኔውኑ እጃችሁን ብትመልሱ፣ ማዘንበል ይሠራል ብሎ ይማራል። ያን ጊዜ ለምን ይነክሳል? ፈቃደኛ ሳይሆን በግድ መያዝ የለመደ ወፍ፣ እንቢታው ሲከበርለት መጀመሪያ ግራ ይገባዋል፤ ቀስ በቀስ ግን ራሱ ወደ እናንተ መምጣት ይጀምራል።

አሌክስ የተባለውን ግራጫ በቀቀን ብዙዎች ያውቁታል። ተመራማሪዋ አይሪን ፔፐርበርግ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምራ እስከ ሞተበት እስከ 2007 እ.ኤ.አ. አብራው ሠርታለች። ከ100 በላይ ቃላት ተምሮ ነበር፤ ቀለም፣ ቅርጽና ቁጥር ይለይ ነበር። ፈተናው ሲሰለቸው ደግሞ ወደ ቦታዬ መመለስ እፈልጋለሁ ይል ነበር። የእናንተ በቀቀን ይህን በቃል አይናገር ይሆናል። በጀርባው፣ በዓይኑና በላባው ግን በየቀኑ ይናገራል።

እጄን እንዲለምድ እንዴት ላሰልጥነው?

መጀመሪያ ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን ፍሬ ፈልጉ። ለብዙዎቹ የሱፍ ፍሬ ነው። ከዕለት ምግቡ ሳህን አውጡትና ለስልጠና ብቻ አስቀሩት። ማስራብ ግን በፍጹም አይፈቀድም፤ ለወፍ ጤናም አደገኛ ነው።

ከዚያ ከሽቦ ቤቱ ፈንጠር ብላችሁ ተቀመጡ። ተረጋግቶ መብላቱን ከቀጠለ ርቀቱ ልክ ነው። በቀናት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ቅረቡ። ሲለምድ ፍሬውን በሽቦው መሃል ስጡት። ከእጃችሁ መውሰድ ካስፈራው ሳህኑ ውስጥ ጣል አድርጉለትና ሂዱ፤ መምጣታችሁ ጥሩ ነገር እንደሚያመጣ ይማራል።

ቀጥሎ የምወደው ነገር ይመጣል። አንድ ቀጭን የእንጨት ዱላ ያዙ። ጫፉን በምንቃሩ ሲነካ ወዲያውኑ "ጎበዝ" በሉና ፍሬ ስጡት። ጥቂት ጊዜ ደጋግሞ ሲገባው ዱላውን ትንሽ ራቅ አድርጉት፤ ተከትሎ ይመጣል። በዚህ መንገድ ሳትነኩት ወደ ፈለጋችሁት ቦታ ትመሩታላችሁ። ከመቆሚያ ወደ መቆሚያ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በመጨረሻም በእጃችሁ ላይ አልፎ ዱላውን እንዲነካ ማድረግ ይቻላል። በእግሩ የረገጠውን እጅ ወፉ ራሱ ነው የመረጠው።

ስልጠናው አጭር ይሁን፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ገና ፍላጎት እያለው አቁሙ። ወደ ኋላ ከተመለሰ ባለፈው ወደሠራው ደረጃ ዝቅ በሉ። መቸኮል እዚህ ላይ ሁሉን ያበላሻል።

ጓንት ላድርግ?

ባይሆን ይሻላል። ብዙ ወፎች ወፍራም ጓንት ያስፈራቸዋል። ጓንት ያደረገ ሰው ደግሞ የወፉን ምልክት ችላ ብሎ ይገፋል። ለሕክምና መያዝ የግድ ሲሆን ፎጣ የተሻለ ነው፤ እሱንም አስቀድሞ በፍሬ እያስለመዱ።

ውጭ ሲሆን ጨዋ ነው። እጄን ወደ ሽቦ ቤቱ ሳስገባ ግን ይናከሳል።

ቤቱ ነው፤ ይጠብቀዋል። እጃችሁን አስገብታችሁ ከመያዝ በሩን ከፍታችሁ ራሱ እንዲወጣ ተዉት፤ በዱላው ጫፍ ጥሩት። ጽዳትና ምግብ መቀየር እሱ ውጭ ሲሆን ይሁን። ይህ ካልተቻለ ከበሩ ርቆ አንድ መቆሚያ ላይ እንዲቆም አሰልጥኑት፤ እዚያ ቆሞ ፍሬውን ሲበላ እናንተ ሳህኑን ትቀይራላችሁ።

አንድ ሰው ብቻ ይወዳል፣ ሌሎቻችንን ይነክሳል። ይህ ይስተካከላል?

አብዛኞቹ የበቀቀን ዝርያዎች ጥንድ ሆነው ነው የሚኖሩት። ወፉ ከቤተሰቡ አንዱን እንደ ጥንዱ ሊቆጥር ይችላል። ሌላው ሲጠጋ ተቀናቃኝ የመጣ ይመስለዋል። ግራ የሚያጋባው የሚወደውን ሰው ራሱን የሚነክስበት ጊዜ ነው። እንግዳ ሲገባ ትከሻ ላይ ያለው ወፍ እንግዳውን አይደርስበትም፤ ስለዚህ ቅርቡ ያለውን ጆሮ ይነክሳል።

ይሻሻላል፤ ግን የሚወደደው ሰው መተባበር አለበት። ምርጡን ፍሬ የሚሰጡት ሌሎቹ ይሁኑ። ስልጠናውንም እነሱ ይሞክሩ፤ በተለይ ተወዳጁ ሰው ክፍሉ ውስጥ በሌለበት ሰዓት። ተወዳጁ ሰው ደግሞ ከጀርባና ከክንፍ ሥር ማሻሸቱን ይተው፤ ምክንያቱን ቀጥሎ እመለስበታለሁ። እስኪስተካከል ድረስ ትከሻ ላይ አታስቀምጡት። ዓይንና ከንፈር ለምንቃር በጣም ቅርብ ናቸው፤ ትከሻ ላይ ያለን ወፍ ምልክት ማየትም አይቻልም።

ለዓመታት ሰላማዊ ነበር፤ አሁን በድንገት ጠባዩ ተለወጠ።

ሁለት ነገር ጠርጥሩ፤ ሆርሞንና ሕመም።

በቀቀን ለአካለ መጠን ሲደርስ ጠባዩ ይለወጣል። ትንንሾቹ ቶሎ ይደርሳሉ፤ ባጂ የተባለው ትንሹ በቀቀን በወራት ዕድሜ፣ ኮካቲየል በ1 ዓመት ገደማ። ግራጫ በቀቀንና ትልልቅ ማካዎች ዓመታት ይፈጅባቸዋል። ጫጩት ሳለ እንደ ልብ የሚታቀፍ ወፍ አሁን ምርጫ ያለው አዋቂ ሆኗል። ከዚያም በኋላ በየመራቢያው ወቅት ነጭናጫ ይሆናል፣ ጥጋጥግ ይወዳል፣ ምግብ ከጉሮሮው እየመለሰ ለሰው ወይም ለመጫወቻ ይሰጣል።

ሆርሞኑን የምናባብሰው ሳናውቅ እኛው ነን። ጀርባ፣ ጅራት አካባቢና ክንፍ ሥር መዳሰስ ለወፉ የጥንዶች ጨዋታ ነው፤ ጭንቅላትና አንገት ላይ ብቻ እከኩት። ካርቶን፣ መሳቢያ፣ ሶፋ ሥር፣ ጨለም ያለ ጥግ ሁሉ የመፈልፈያ ጎጆ ይመስለዋል፤ ዝጉበት። መስታወት አንሱ። ለብ ያለ ለስላሳ ምግብ ቀንሱ። ረጅም የብርሃን ሰዓት የመራቢያ ጊዜ መጣ የሚል መልእክት ስለሚሰጠው በየሌሊቱ ከ10 እስከ 12 ሰዓታት የሚዘልቅ ጨለማና ጸጥ ያለ እንቅልፍ ስጡት። እስከ እኩለ ሌሊት ቴሌቪዥን አጠገብ የሚውልና የሚያመሽ በቀቀን ቢነጫነጭ አይፈረድበትም።

ላባ በሚቀይርበት ጊዜም ይቆጣል። አዲሱ ላባ በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው፤ ሥሩ ደም አለው፤ ስትነኩት ያመዋል።

ሕመሙን በተመለከተ አትዘናጉ። ወፍ በሽታውን ይደብቃል፤ እኛ ስናየው ብዙ ጊዜ ቆይቷል። ላባውን ነፍቶ የሽቦ ቤቱ ወለል ላይ መቀመጥ፣ ሲተነፍስ ጅራቱ ከፍ ዝቅ ማለት፣ ምግብ መተው፣ የኩሱ መልክ መለወጥ፣ እነዚህን ካያችሁ በዚያው ቀን ወፍ ወደሚያክም የእንስሳት ሐኪም ውሰዱት። እነዚህ ባይኖሩም ጠባዩ ያለ ምክንያት ከተለወጠ ምርመራው ከስልጠናው ይቅደም። ሕመም ያለበትን ወፍ ማሰልጠን ግፍ ነው።

ክንፉን ብቆርጠው ይረጋጋል?

ይገራል ብለው የሚያደርጉት አሉ። እኔ አልመክርም። በርሮ መሸሽ የማይችል ወፍ ቆሞ ከመንከስ ሌላ ምርጫ የለውም፤ ብዙዎቹ የባሰ ፈሪ ይሆናሉ። ይልቅ መስኮትና በር ዘግታችሁ፣ የጣሪያ ማራገቢያ አጥፍታችሁ፣ መስታወቱን ከልላችሁ በርሮ የሚያርፍበት ክፍል አዘጋጁለት።

መጮኹስ?

ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ መጮኽ የተፈጥሮው ነው፤ መንጋ የሚጠራራበት ሰዓት ነው። ከክፍሉ ስትወጡ የሚጮኸው ደግሞ "የት ሄዳችሁ?" ሲል ነው። ከሌላ ክፍል ሆናችሁ በፉጨት ወይም በአጭር ቃል መልሱለት። እየጮኸ ሳለ ሮጣችሁ ከመጣችሁ ጩኸቱ ይጨምራል፤ ያንን ፉጨት ሲመልስ ብትመጡለት ግን ፉጨቱን ይመርጣል።

ከሌላ ቤት የመጣ ትልቅ በቀቀን ይለወጣል?

ይለወጣል። ግራጫ በቀቀን በሰው እጅ 40 እና 50 ዓመት ሊኖር ይችላል፤ 10 ዓመት የተበደለ ወፍ ገና ረጅም ዕድሜ አለው። ስንት ወር እንደሚፈጅ የሚወስነው ግን እሱ ነው። በተለይ ከዱር ተይዞ የመጣ ወፍ ሰውን የሚያውቀው እንደ አዳኝ ነው። ግራጫ በቀቀን ከዱር እየተያዘ እንዳይነገድ በ2016 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ከፍተኛውን ጥበቃ ሰጥቶታል። እንዲህ ካለ ወፍ ጋር እንቢታን ማክበር ከሁሉም በላይ ያስፈልጋል።

ልጆች ቢይዙትስ?

ትንንሽ ልጆችን ከበቀቀን ጋር ብቻቸውን አትተዉ። ጣት በሽቦ ማስገባት ክልክል ይሁን። ልጁ ፍሬውን በረጅም ማንኪያ ቢሰጠው ለሁለቱም ይበጃል።

ከነከሰኝ ቁስሉን ምን ላድርገው?

በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለጥቂት ደቂቃዎች በደንብ እጠቡት። የሚደማ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙት። የእብድ ውሻ በሽታ የአጥቢ እንስሳት በሽታ ስለሆነ ከወፍ ንክሻ አይመጣም። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ፣ የጣት መጋጠሚያ ወይም ፊት ላይ ከሆነ፣ ወይም እየቀላ፣ እያበጠና እየሞቀ ከሄደ ሐኪም ይየው፤ የቴታነስ ክትባታችሁ ከቆየም ጠይቁ።

ከንክሻ ይልቅ መጠንቀቅ ያለባችሁ ከደረቀ ኩስ ለሚነሳው አቧራ ነው። ሲታኮሲስ የተባለው በሽታ በብዛት ወደ ሰው የሚተላለፈው በትንፋሽ በሚገባ በዚህ አቧራ ነው። ስታጸዱ አስቀድማችሁ በውኃ አርጥቡት። ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና ደረቅ ሳል ከያዛችሁ ለሐኪሙ ቤታችሁ ውስጥ በቀቀን እንዳለ ንገሩት፤ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይታከማል፣ ካልተነገረው ግን ሐኪሙ ሌላ በሽታ ሊመስለው ይችላል።